ማትሪክሱን ሳይጽፉ መፍታት፦ በከፍተኛ ዲግሪ ፋይናይት ኤለመንት ዘዴ የሚገኙ ሊኒየር ሥርዓቶች

ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



 ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የማስተርስ ተማሪ አማክር ነበር። ሥራው በትልቅ የኮንክሪት ክምር ውስጥ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ማስላት ነበር። ኮንክሪት በሚጠነክርበት ጊዜ ከውስጡ ሙቀት ያመነጫል፤ የመኻሉና የገጽታው ሙቀት እጅግ ከተራራቀ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱን በትክክል ማወቅ ለመሐንዲሱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ተማሪው የፖሊኖሚያሉን ዲግሪ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4 እያሳደገ ሄደ፤ ውጤቱም እየጠራ መጣ። 8 ላይ ሲደርስ ግን ኮምፒዩተሩ «ሜሞሪ አልበቃኝም» ብሎ ቆመ። ተማሪው ወደ እኔ ሲመጣ «ዲግሪውን ዝቅ አድርገው» አልሁት። በመመረቂያ ጽሑፉ መደምደሚያ ላይም ከፍተኛ ዲግሪ ለባለ ሦስት ዳይሜንሽን ችግሮች ከአቅማችን በላይ እንደሆነ ጻፈ። እኔም አንብቤ ፈረምሁበት። ጽሑፉ ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ያ መደምደሚያ ስሕተት ነበር። የበዛው ወጪ የዘዴው አልነበረም፤ እኛ ማትሪክሱን ያስቀመጥንበት መንገድ ያመጣው ወጪ ነበር። ሁለቱን ለይቼ ባለማየቴ አንድ ትጉህ ተማሪ ያልተረጋገጠ ነገር እንደ እውነት እንዲጽፍ አደረግሁ። የዛሬው ንግግሬ ይህንን ልዩነት በቁጥር ለማሳየት የታሰበ ነው።

በቅድሚያ ከፍተኛ ዲግሪ የሚፈለግበትን ምክንያት ላስታውስ። ሪቻርድ ኩራንት በ1943 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድን አካል በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀላል ፋንክሽን መጠቀምን አቀረበ፤ ሬይ ክላፍ ደግሞ በ1960 «ፋይናይት ኤለመንት» የሚለውን ስም ሰጠው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። መፍትሔው ለስላሳ በሆነበት ቦታ፣ በዲግሪ 1 ሲሠራ የኤለመንቶቹን ስፋት በግማሽ ብንቀንስ ስሕተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዲግሪ 4 ግን ያው ቅነሳ ስሕተቱን በ32 ያካፍለዋል፤ በዲግሪ 8 በ512። በሦስት ዳይሜንሽን ስፋቱን በግማሽ መቀነስ ያልታወቁትን መጠኖች 8 እጥፍ ያበዛል። እንግዲህ ስምንት እጥፍ ከፍሎ ሩብ ስሕተት ይዞ መመለስና፣ ያንኑ ያህል ከፍሎ አንድ አምስት መቶ አሥራ ሁለተኛ ይዞ መመለስ እኩል ገበያ አይደለም። ባቡሽካ፣ ሳቦና ካትዝ በ1981፣ አንቶኒ ፓቴራ ደግሞ በስፔክትራል ኤለመንት ዘዴው በ1984 ዲግሪን ማሳደግ ራሱን የቻለ መንገድ እንዲሆን ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ክምራችንን በአንድ አቅጣጫ 20፣ በሌላው 20፣ በከፍታው 25 ጡብ መሰል ኤለመንቶች እንከፋፍለው፤ በጠቅላላው 10,000 ኤለመንቶች ይሆናሉ። ዲግሪው 8 ይሁን። በእያንዳንዱ ጡብ ውስጥ በየአቅጣጫው 9 ነጥቦች ስላሉ በአንድ ጡብ 729 ነጥቦች ይኖራሉ። ጎረቤታሞች ነጥቦችን ስለሚጋሩ ጠቅላላው ብዛት 161 በ161 በ201፣ ማለትም ከ5.2 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ነው። አንድ ቬክተር በድርብ ትክክለኛነት ሲቀመጥ ወደ 42 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ይህ ማንንም አያስጨንቅም።

ማትሪክሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጡብ ውስጥ ያለ ነጥብ ከ729ኙ ሁሉ ጋር ይገናኛል፤ ጥግ ላይ ያለ ነጥብ ደግሞ በዙሪያው ስምንት ጡቦች ስላሉ 4,913 ቁጥሮች ያሉት ረድፍ ይኖረዋል። አማካዩ በአንድ ረድፍ ወደ 1,000 ነው። 5.2 ሚሊዮን ረድፍ በ1,000 ሲባዛ 5.2 ቢሊዮን ቁጥር ይሆናል። ለቁጥሮቹ 42 ጊጋባይት፣ የትኛው ቁጥር በየትኛው ዓምድ እንደሚገኝ ለማመልከት ሌላ 21 ጊጋባይት፣ በድምሩ 63 ጊጋባይት ያሻል። ይህ እንግዲህ ማትሪክሱን ለማስቀመጥ ብቻ ነው፤ መፍታት ገና አልተጀመረም።

በጋውስ ማስወገድ በቀጥታ እንፍታው ብንልስ? ለሁለት ዳይሜንሽን ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚሻል የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ በደስታ እጠቀምበታለሁ። አለን ጆርጅ በ1973 ያቀረበው ኔስትድ ዲሴክሽን የሚባለው አደራደር ሥራውን እጅግ አቃለለው። በሦስት ዳይሜንሽን ግን ያልታወቁት በ10 እጥፍ ሲያድጉ፣ በዚያው ምርጥ አደራደር እንኳ ስሌቱ 100 እጥፍ፣ ሜሞሪው ከ21 እጥፍ በላይ ያድጋል።

መሐንዲሶች ስታቲክ ኮንደንሴሽን የሚሉት አንድ ማቃለያ አለ። በጡቡ ውስጥ ተዘግተው የሚገኙት 343 ነጥቦች ከሌላ ጡብ ጋር አይገናኙም፤ ስለዚህ በየጡቡ አስቀድሞ ማስወገድ ይቻላል። በዚህ መንገድ ከያልታወቁት መካከል ሁለት ሦስተኛው ከዋናው ሥርዓት ይወጣሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየጡቡ 343 በ343 የሆነ ሙሉ ማትሪክስ መፍታት ግድ ይላል። ዲግሪውን ከ8 ወደ 16 ብናሳድግ ይህ የውስጥ ሥራ ለአንድ ጡብ ከ950 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ሸክሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ሁለተኛው መንገድ የድግግሞሽ ዘዴ ነው። ሄስቴንስና ስቲፈል በ1952 ያሳተሙት የኮንጁጌት ግራዲየንት ዘዴ ሲሚትሪክና ፖዘቲቭ ዴፊኒት ለሆነ ማትሪክስ የታወቀ ነው፤ በቋሚ ሁኔታ ያለ የሙቀት ሥርጭትም ይህንኑ ዓይነት ማትሪክስ ይሰጠናል። በዚህ ቦታ ላይ ሁለተኛዋን ተማሪዬን ላንሣ።

ከመጀመሪያው ተማሪ ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪ ይህንኑ ችግር ይዛ መጣች፤ እኔም ያንኑ ምክር ለመስጠት አፌን ከፍቼ ነበር። እርስዋ ግን ፕሮግራሙን በወረቀት አትማ በእርሳስ አስምራበታለች። «መምህር፣ ይህ ዘዴ ማትሪክሱን የሚጠራው እዚህ አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። «እዚህም ላይ የሚጠይቀው ማትሪክሱ በቬክተር ሲባዛ የሚገኘውን ውጤት ነው። ታዲያ ውጤቱን በሌላ መንገድ ካገኘነው ማትሪክሱን ለምን እናስቀምጠዋለን?» ለሃያ ዓመታት ያህል ያስተማርሁት ዘዴ ነበር፤ ጥያቄው ግን በእኔ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

መልሱ በሥነ ጽሑፉ ውስጥ ቆይቷል። ስቲቨን ኦርዛግ በ1980 ባሳተመው ሥራ ላይ ዋናው ሐሳብ ተቀምጧል። በጡብ መሰል ኤለመንት ውስጥ እያንዳንዱ ፋንክሽን የሦስት ባለ አንድ ዳይሜንሽን ፖሊኖሚያሎች ብዜት ነው። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ዴሪቬቲቭ ለማግኘት 729ኙን ነጥቦች ሁሉ ማቀላቀል አያስፈልግም። ጡቡ በዚያ አቅጣጫ 81 መስመሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ መስመር 9 ነጥቦች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱን መስመር በአንዲት 9 በ9 ትንሽ ማትሪክስ ማባዛት 81 ብዜት ይፈጃል። 81 መስመር በ81 ብዜት 6,561 ይሆናል።

ለሙቀት እኩልዮሽ የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በሦስቱም አቅጣጫ ዴሪቬቲቭ እንወስዳለን። ቀጥሎ በየነጥቡ የጡቡን ቅርጽና የኮንክሪቱን ሙቀት አስተላላፊነት በያዘ 3 በ3 ማትሪክስ እናባዛለን። በመጨረሻም በሦስቱም አቅጣጫ የመልስ ጉዞውን እናደርጋለን። ስድስት ጊዜ 6,561፣ በዚያ ላይ የነጥቦቹ 6,561 ሲጨመር 45,927 ብዜት ነው። የጡቡን ሙሉ ማትሪክስ ብንጠቀም 531,441 ብዜት ነበር። ሥራው ከ11 እጥፍ በላይ ቀነሰ።

ትልቁ ትርፍ ግን በሜሞሪው ላይ ነው። ያ የ3 በ3 ማትሪክስ ሲሚትሪክ ስለሆነ በየነጥቡ 6 ቁጥሮች ብቻ እናስቀምጣለን፤ ለአንድ ጡብ 4,374 ቁጥር፣ ወይም ወደ 35 ኪሎባይት። የጡቡ ሙሉ ማትሪክስ ግን ከ4.2 ሜጋባይት በላይ ነው። ለ10,000 ጡቦች በአንዱ መንገድ 350 ሜጋባይት፣ በሌላው 42.5 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ለዛሬ ፕሮሰሰሮች ተጨማሪ ትርጉም አለው። ፕሮሰሰሩ የማባዛት ፍጥነቱ ቁጥር ከሜሞሪ ከማምጣት ፍጥነቱ እጅግ ይበልጣል። የተቀመጠ ማትሪክስ ስንጠቀም እያንዳንዱ ቁጥር ከሩቅ መጥቶ ለአንዲት ብዜት ብቻ ያገለግላል፤ ፕሮሰሰሩም አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በአዲሱ መንገድ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ የቅርጽ ቁጥር ከ10 በላይ ብዜቶች ይሠራሉ። ዲል ቱ፣ ኤምፌምና ኔክ5000 የተባሉት ለማንም ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። እነዚህን ማውረድና ምንጫቸውን ማንበብ ክፍያ አይጠይቅም፤ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተማሪዬ ያንን ማባዣ ጽፋ ስትጨርስ ፕሮግራሙ በራስዋ ላፕቶፕ ላይ ሮጠ። ደስታችን ግን ረጅም አልነበረም፤ ዙሮቹ ማለቂያ አጡ። የኮንጁጌት ግራዲየንት ዙሮች ብዛት በማትሪክሱ ኮንዲሽን ነምበር ካሬ ሥር መጠን ያድጋል። ይህም ቁጥር ኤለመንቶቹ ሲያንሱም ሆነ ዲግሪው ሲጨምር ያድጋል። ስለዚህ ፕሪኮንዲሽነር ያስፈልጋል፤ ማለትም ዋናውን ሥርዓት በግምት የሚፈታና በየዙሩ በርካሽ የሚሠራ ረዳት።

እዚህ ላይ አንድ አጣብቂኝ አለ። የተለመዱት ረዳቶች፣ ለምሳሌ ኢንኮምፕሊት ኤልዩ ወይም አልጀብራዊ መልቲግሪድ፣ የማትሪክሱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ማየት ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ማትሪክሱን ላለመጻፍ ወስነናል። መውጫዎቹ በእኔ አስተያየት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ዲግሪን ደረጃ በደረጃ ማውረድ ነው። ሮንኲስትና ፓቴራ በ1987 ለስፔክትራል ኤለመንት እንዳቀረቡት ከ8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 እንወርዳለን። በየደረጃው ስሕተቱን ለማለስለስ የማትሪክሱ ዲያጎናልና የቼቢሼቭ ፖሊኖሚያል ይበቃሉ፤ ሁለቱም ሙሉ ማትሪክስ አይጠይቁም። ዲግሪ 1 ላይ ስንደርስ ያልታወቁት ከ5.2 ሚሊዮን ወደ 21 በ21 በ26፣ ማለትም ወደ 11,466 ይወርዳሉ። ያንን በማንኛውም መንገድ መፍታት ይቻላል።

ሁለተኛው ራሱ ኦርዛግ በዚያው በ1980 ሥራው ያመለከተው ነው። በጡቡ ውስጥ ያሉትን የጋውስ ሎባቶ ነጥቦች እንደ ጥቃቅን ጡቦች ማዕዘን እንቁጠራቸውና በእነርሱ ላይ የዲግሪ 1 ማትሪክስ እንሥራ። ይህ ማትሪክስ በአንድ ረድፍ ቢበዛ 27 ቁጥሮች ብቻ ስላሉት ጠቋሚዎቹን ጨምሮ ከ1.7 ጊጋባይት አይበልጥም። ከዋናው ሥርዓት ጋር ያለው ዝምድናም ዲግሪው ሲያድግ አይላላም። ስለዚህ አልጀብራዊ መልቲግሪድን በዚህ ላይ ማሠራት ይቻላል። ችግሩ ነጥቦቹ ወደ ጡቡ ገጽታዎች ስለሚጠጋጉ አንዳንዶቹ ጥቃቅን ጡቦች እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ መሆናቸው ነው፤ ይህም መልቲግሪዱን ያስቸግረዋል።

ሦስተኛው የሽዋርዝ ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን ዙሪያ ያሉትን ስምንት ጡቦች እንደ አንድ መንደር ቆጥረን የየመንደሩን ትንሽ ችግር እንፈታለን፤ በላዩም አንድ ሻካራ የዲግሪ 1 ሥርዓት እንጨምራለን። ፓቫሪኖ በ1993 ለዚህ ዓይነት አከፋፈል የዙሮቹ ብዛት በዲግሪው ላይ እንደማይመሠረት አረጋግጧል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ መንደሮቹን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ማከፋፈል ይቻላል። አንድ መንደር 3,375 ያልታወቁ ስላሉት ሙሉ ኢንቨርሱን ብናስቀምጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ይሆናል። ሊንች፣ ራይስና ቶማስ በ1964 ባሳዩት የዲያጎናል ማድረጊያ ዘዴ ግን ሥራው በ15 በ15 ማትሪክሶች ያልቃል፤ ጠቅላላውም ወደ 304 ሺህ ብዜት ነው። ይህ በትክክል የሚሠራው ጡቦቹ ቀጥ ያሉና ቁሱ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ በተቀረው ግምት ነው፤ ግምቱም ለፕሪኮንዲሽነርነት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተማሪዬ የመረጠችው የመጀመሪያውን ነው፤ ለመጻፍ ስለሚቀል። ዙሮቹ ጥቂት ሆኑ፤ ሥራውም በዚያው ላፕቶፕ አለቀ። ያው ክምር፣ ያው ዲግሪ፣ እኔ «አቅማችን አይፈቅድም» ብዬ የፈረምሁበት ነበር።

ከመደምደሜ በፊት፣ ከአንድ ጽንፍ ወደ ሌላው እንዳትሄዱ ጥቂት ማሳሰቢያዎች ልስጥ። አንደኛ፣ መፍትሔው ለስላሳ ባልሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ውስጥ በገባ ማዕዘን ወይም ሁለት የተለያዩ ቁሶች ባዕዘን ሠርተው በሚገናኙበት ሥፍራ፣ ዲግሪን ማሳደግ ብቻውን ተስፋ የተደረገውን አያመጣም፤ ኤለመንቶቹንም እዚያው ማሳነስ ያሻል። ሁለተኛ፣ የመስመር በመስመሩ ብዜት ለጡብ መሰል ኤለመንት የተመቸ ነው፤ ለቴትራሄድሮን ተጨማሪ ጥበብ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ በዲግሪ 1 ማትሪክሱን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ነውር የለውም፤ ትርፉ የሚታየው ዲግሪው ከፍ ሲል ነው። አራተኛ፣ የፋይናይት ኤለመንቱ ስሕተት በሺህ አንድ ከሆነ ሊኒየር ሥርዓቱን እስከ አሥራ ሁለተኛው አሃዝ መፍታት የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። አምስተኛ፣ ዘዴዎችን ስታወዳድሩ የዙሮችን ብዛት ብቻ አታወዳድሩ። ጠያቂው አንድ ነው፦ ይህን ያህል ትክክለኛነት ለማግኘት ስንት ሰዓትና ስንት ጊጋባይት ፈጀ?

ውድ ተማሪዎች፤ እኛ ባለንበት ሁኔታ «ትልቅ ኮምፒዩተር ስለሌለን አልተቻለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም ይቀርበናል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ትላልቅ መሣሪያዎች እንዲገዙልን መጠየቃችንንም መቀጠል አለብን። ነገር ግን ያንን ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ቁጠሩ። ስንት ቁጥር እናስቀምጣለን? ከእነዚህ ውስጥ ዘዴው በእርግጥ የሚጠይቀው ስንቱን ነው? አማካሪያችሁ ዝቅ አድርጉት ካለም ቆጠራችሁን ይዛችሁ ተመለሱና አሳዩት።

ለመጀመሪያው ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። መደምደሚያው የእርሱ ጉድለት እንዳልነበረ፣ የእኔ እንደነበረ ነግሬዋለሁ። ከጽሑፉ ቅጂ ጋር የሚቀመጥ አንድ ገጽ ማስተካከያም ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር አዘጋጅቼ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቤያለሁ።